ሆይት ባርገር ጮክ ብለው የተናገሩበት ጠዋት

በእኛ ወረዳ ተርኪ የሚባለው ትልቅ የዱር ወፍ አደን ሲከፈት ሰው ሁሉ ውሸታም ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ የጎረቤቱን ላም መንገድ ላይ ሲያገኛት ነድቶ የሚመልስ፣ ቤቱን ሳይቆልፍ የሚያድር ሰው፣ ሚያዝያ ሲጋመስ «ዘንድሮ አውራ የሚባል ነገር አላየሁም፤ ቀበሮ ጨርሶታል መሰለኝ» ማለት ይጀምራል። ይህን የሚለው ሰው አንድ አውራ ተርኪ በየትኛው ዛፍ ላይ እንደሚያድር፣ ሲነጋ በየት በኩል እንደሚወርድና የት ቆሞ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ እንደሚንጎራደድ ሁለት ሳምንት ሙሉ በመነጽር ሲያጠና የከረመ ነው። የሚያውቀውን ለሚስቱ እንኳ አይነግርም። ወንድም ከወንድሙ፣ አማች ከአማቹ ይደብቃል፤ በዚህም ማንም አይቀየምም።

በዚህ ሁሉ መካከል እውነት የሚነገርበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም ከመስቀለኛው መንገድ ዳር ያለው የሆይት ባርገር የከብት መኖ ሱቅ የኋላ ግድግዳ ነው።

አቶ ሆይት የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው። ረጅምና ቀጭን ሲሆኑ፣ ሲሄዱ ወደ ግራ ትከሻቸው ዘንበል ይላሉ። ግራ ዓይናቸው የለም። በግራ ጉንጫቸው ቆዳ ሥር ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስሉ ሰማያዊ ነጥቦች አሉ፤ ሐኪም አውጥቶ ያልጨረሳቸው የጥይት ርሳስ ቅንጣቶች ናቸው። ሚስት አላገቡም። መኖ ይመዝናሉ፣ ምስማር ይቆጥራሉ፣ ገመድ ይለካሉ፤ ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ከአፋቸው የሚወጣው ቃል እጅግ ጥቂት ከመሆኑ የተነሣ ደንበኞቻቸው «ሆይት በቀን ሦስት ቃል ከተናገረ ሁለቱ የኔው ስም ነው» እያሉ ይቀልዳሉ።

በኋለኛው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ከአሮጌ የጎተራ በር የተሠራ ሰሌዳ ነው። አቶ ሆይት ራሳቸው የአካባቢውን ሸንተረርና ሸለቆ ሁሉ ቀለም ቀብተው ስለውበታል፤ በእያንዳንዱ ሸለቆ ላይ አንድ ምስማር አለ። እያንዳንዱ አዳኝ ስሙ በጋለ ብረት የተጻፈበት የጥድ እንጨት አለው። ማታ ወይም ጎሕ ሳይቀድ ይመጣና የስም እንጨቱን በሚቀመጥበት ሸለቆ ምስማር ላይ ይሰቅላል። ምስማሩ ተይዞ ካገኘው ወደ ሌላ ይሄዳል። የዕለቱ አደን በሚዘጋበት በቀኑ ሰባት ሰዓት ተመልሶ እንጨቱን ያወርዳል። ሳይወርድ የቀረ እንጨት ካለ ሰዎች ባለቤቱን ሊፈልጉ ይወጣሉ።

ያን ጸደይ የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ወስኜ ነበር። ጥያቄዬ ግልጽ ነበር፤ አንድ ሰው ለሚስቱ የማይነግረውን ምስጢር ማንም በሚያየው ሰሌዳ ላይ እንዴት ይሰቅላል? የሚያስገድድ ሕግ የለም። የሚቀጣ የለም። ሦስት ሳምንት ጠዋት ጠዋት እየሄድሁ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅሁ። አንዱ «ልማድ ነው» አለኝ፤ ሌላው «የሆይትን ፊት እያየሁ መዋሸት ያሳፍረኛል» አለኝ። አቶ ሆይትን ራሳቸውን ስጠይቃቸው ግን መልሳቸው አጭር ነበር።

«ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ። የሚሰቅሉት እነሱ ናቸው።»

ይህን ብለው ወደ በቆሎው ሚዛን ዞሩ።

አደኑ በተከፈተ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ሲያባራ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቁ ደረስሁ። በሰሌዳው ላይ ዐሥራ ሰባት እንጨት ተሰቅሏል። ሁለቱ ለዚህ ታሪክ ያስፈልጋሉ። አንዱ የቨርና ሆልካምፕ ነው። ቨርና የተማሪ አውቶቡስ ነጂ ናት፤ እኔንም ስድስት ዓመት ትምህርት ቤት አመላልሳኛለች። በአምሳ ሁለት ዓመቷ በወረዳው ከእሷ የተሻለ የሴቷን ድምፅ አስመስሎ ተርኪ የሚጣራ ወንድ የለም። የእሷ እንጨት ኬቸም በሚባለው ሸለቆ ላይ ነበር፤ ጎሕ ሳይቀድ መጥታ ሰቅላው ሄዳለች። ሌላው የቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን መሪ የዶይል ሱግስ ነው። እሱ ከማታው ጀምሮ ከወንዙ ማዶ፣ ወፍጮው መታጠፊያ ላይ ሰቅሏል።

ጥቂት እንደቆየን የወተት መኪና ነጂው ጊልበርት ጭቃውን በደጃፉ ላይ እያራገፈ ገባ።

«ሆይት፣ ዛሬ ወተት ከወንዝ ማዶ አትጠብቅ። መሻገሪያው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ውኃ ውስጥ ነው። ዳክዬ ካልሆንህ አትሻገርም።»

አቶ ሆይት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደግሞስ ያ ዘፋኛችን ዶይል ምን ነክቶታል?» አለ ጊልበርት፣ ቡናውን ራሱ እየቀዳ። «ፒክአፑን ኬቸም ከተዘጋው ጸሎት ቤት ጀርባ አቁሞ የጥድ ቅርንጫፍ አልብሶታል። ከማን ነው የሚደብቀው? ከመላእክት?»

አቶ ሆይት በእጃቸው የያዙትን መኖ መስፈሪያ መሬት ላይ አስቀመጡት። ወደ ሰሌዳው ሄደው ቆሙ። እኔም ተከትዬ ቆምሁ፤ መጀመሪያ ያልገባኝ ነገር ቀስ እያለ ይገባኝ ጀመር። ዶይል ወንዙን ሊሻገር አይችልም፤ እንጨቱ ግን ከወንዙ ማዶ ነው። መኪናው ደግሞ ኬቸም አፋፍ ላይ ነው። ማታ እንጨቱን ሲሰቅል የኬቸም ምስማር ባዶ ስለነበር፣ ያጠናውን አውራ ማንም እንዳያውቅበት ስሙን ሌላ ቦታ ሰቅሎ ለኬቸም ብቻዬን ነኝ ብሏል። ቨርናም ጠዋት መጥታ የኬቸም ምስማር ባዶ ሆኖ ስላገኘችው እሷም ብቻዬን ነኝ ብላ ገብታለች።

«ሁለቱም እዚያው ናቸው ማለት ነው?» አልሁ።

«ሁለቱም» አሉ አቶ ሆይት። «ሰሌዳ ባይኖር ቨርና ትጠራጠር ነበር። የሰማችውን ሁሉ ‹ሰው ይሆን?› ትል ነበር። ሰሌዳው ግን ብቻሽን ነሽ ብሏታል። የኔ ሰሌዳ።»

ይህ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ከእሳቸው የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነው።

«ስልክ እንደውልላት?»

«እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ስልክ አይሠራም።»

«የመኪና ጡሩምባ ብንነፋስ?»

«ጡሩምባ ከመንገድ ሁልጊዜ ይሰማል። ተርኪው ራሱ ድምፁን ሰምቶ በጩኸት ይመልስለታል። ያ ሁለቱን አዳኞች የባሰ ያነሣሣቸዋል።» ቁልፋቸውን ከመሳቢያ አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡት። «አንቺ ንጂ። እኔ በአንድ ዓይን በጭቃ መንገድ ቀስ ነው የምለው።»

ጊልበርት ቡናውን ይዞ ደነገጠ። «ሆይት፣ ልትገባ ነው? አንተ? በአደን ወቅት?»

አቶ ሆይት ዓይናቸውን ካጡ ጀምሮ ለሠላሳ አንድ ዓመት በጸደይ ጫካ ገብተው አያውቁም። ሰሌዳ የሚጠብቅ ሰው በሰሌዳው ላይ ያየውን ይዞ ወደ ሰው ሸለቆ መግባት እንደሌለበት ያወጁትም ራሳቸው ናቸው።

«ከተሳሳትሁ ነገ አንድ ሰው እንኳ አይሰቅልም» አሉ፤ ለጊልበርት ይሁን ለራሳቸው አልገባኝም። «ካልተሳሳትሁ ደግሞ ዘግይተናል።»

ከበሩ ስንወጣ መለስ ብለው አዩኝ። «ሻርፕሽን አውልቂ።»

አንገቴ ላይ ቀይ ሻርፕ ነበር። ምክንያቱን ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «በጸደይ የአውራው ራስ ቀይ ነው፤ ነጭና ሰማያዊም አለበት። ሦስቱን ቀለም ለብሶ ቁጥቋጦ ውስጥ መግባት ራስን ዒላማ ማድረግ ነው።» ከመደርደሪያው ላይ ከሩቅ የሚታይ ሁለት ብርቱካንማ ሰደርያ አንሥተው አንዱን አለበሱኝ።

ዐሥራ አምስት ደቂቃ ነዳሁ። የዶይል መኪና ጊልበርት እንዳለው ከጸሎት ቤቱ ጀርባ፣ በጥድ ቅርንጫፍ ተሸፍኖ ቆሟል። አቶ ሆይት የሞተሩን ክዳን በእጃቸው ነኩት፤ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ የሸለቆው መግቢያ ላይ ቆመው ለጥቂት ጊዜ ወደ ታች ተመለከቱ። የባሉጥ ዛፎቹ ገና ማቆጥቆጣቸው ነው። ጅረቱ በሌሊቱ ዝናብ ሞልቶ ይጮኻል።

«አሁን አውሪ» አሉኝ።

«ምን ልበል?»

«የፈለግሽውን። በሙሉ ድምፅሽ፣ ሳታቋርጪ። በጅረቱ ጩኸት የተነሣ ድምፃችን ከመቶ እርምጃ በላይ አይሄድም። ዝም ባልንባት ደቂቃ ቅጠል የሚያንኮሻኩሽ ነገር ነን እንጂ ሰው አይደለንም። እጅሽን አታወዛውዢ። አታፏጪ። ጥያቄ አያልቅብሽም አይደል? ጠይቂኝ።»

ገባን። «ሰው ነን!» ብለው ጮኹ፣ «ሁለት ሰዎች ነን! በመንገዱ እየመጣን ነው!» ደንበኞቻቸው በቀን ሦስት ቃል የሚቆጥሩላቸው ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ ይኖራቸዋል ብዬ አልጠበቅሁም። እኔም ጮኽሁ።

«አቶ ባርገር! የት ነው የተወለዱት?»

«እዚሁ!»

«ስንት ወንድም አለዎት?»

«አራት!»

እንደዚህ እየመለሱ ጥያቄዬን ቶሎ እንደሚጨርሱብኝ ገባኝ። «በስማቸው ይጥሩልኝ!»

«ዊልበርን! ክላይድ! ኢቫን! ሌስተር!»

«ሁሉም አሉ?»

«ሌስተር ሞቷል!»

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ደስ የማይል!»

ይህን በምን ዓይነት ጩኸት እንዳሉት መግለጽ አልችልም፤ በሌላ ቀን ቢሆን ቁጭ ብዬ እስቅ ነበር። ስለ ሱቁ ጠየቅሁ፣ ስለ እናታቸው ጠየቅሁ፣ ምን ዓይነት ቂጣ እንደሚወዱ ጠየቅሁ። «የበቆሎ! ከባቄላ ጋር!» መንገዱ ጭቃ ነው፤ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። በንግግራችን መካከል ክፍተት መታየት ጀመረ።

ያን ጊዜ ከፊታችን፣ ከቁጥቋጦው ማዶ፣ የአውራ ተርኪ ጩኸት ሰማን፤ ሲያስገመግም ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ ነው። ከዚያ በቀኝ በኩል ሴቷ ለስለስ ባለ ድምፅ መለሰች። አውራው እንደገና ጮኸ። እንደገና ጮኸ።

አቶ ሆይት ቆሙ። «ሴቷ ቨርና ናት። የሴቷን ድምፅ የምታወጣበትን የእንጨት ሳጥን አውቀዋለሁ።»

«አውራውስ?»

«ሦስቱም ጩኸት አንድ ዓይነት ነው። ወፍ እንደዚያ አይደጋግምም። ያ ሲነቀንቁት የአውራ ድምፅ የሚያወጣ የላስቲክ መጥሪያ ነው፤ ሱቄ ውስጥ አስገብቼው አላውቅም። በአውራ ድምፅ የሚጣራ ሰው ‹ተኩሱኝ› ነው የሚለው።» እንደገና መራመድ ጀመሩ። «ደግሞ እየቀረባት ነው። ተቀምጦ መጣራት ሲገባው እየተሳበ ወደ ድምፅዋ እየሄደ ነው። ጠይቂኝ! ረጅም ነገር ጠይቂኝ!»

በዚያች ቅጽበት ረጅም መልስ ሊኖረው የሚችል አንድ ጥያቄ ብቻ ታየኝ። መልሱን እንደ ማንኛውም የወረዳው ሰው አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። የቨርና አባት ኦቲስ ሆልካምፕ በዚሁ ሸለቆ አቶ ሆይት ተርኪ መስለውት እንደተኮሰባቸው ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እንዲያወሩ ብቻ ፈልጌ ጮኽሁ።

«ዓይንዎ እንዴት ጠፋ?»

አልመለሱም። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቅጠሉ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። አራት። አምስት። ዝም ባልንባት ደቂቃ ሰው አይደለንም ያሉኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ልደግምላቸው ስል ጀመሩ።

«አርባ ዓመቴ ነበር!» ብለው ጮኹ። «ሰሌዳ የሚባል ነገር የለም! ያን ጊዜ ልማዱ ሌላ ነበር! ሸለቆ የሚገባ ሰው በአጥሩ በር እንጨት ላይ የበቆሎ ቆረቆንዳ በገመድ ያንጠለጥላል! ቆረቆንዳ ካለ ሰው አለ! ከሌለ የለም!»

«እርስዎ አንጠለጠሉ?»

«ለአደን ተቆጣጣሪው አንጠልጥያለሁ ብያለሁ! ሐኪም ቤት ተኝቼ! ኦቲስ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ!» ድምፃቸው ተሰነጠቀ፤ ግን አላቆሙም። «አላንጠለጠልሁም! ሦስት ሳምንት ያጠናሁት አውራ ነበረኝ! ቆረቆንዳ ከሰቀልሁ ሰው ያውቅብኛል ብዬ በበሩ አልገባሁም! በጓሮ በኩል አጥር ዘልዬ ነው የገባሁት! ከዛፍ ሥር ተቀመጥሁና ተጣራሁ! በነጭ መሐረብ አፍንጫዬን ጠረግሁ! የማስታውሰው እሱን ነው!»

«ከዚያስ?» አልሁ እየጮኽሁ።

«ኦቲስ ተሸክሞ አወጣኝ! በጀርባው! እስከ መንገዱ! ተቆጣጣሪው ‹ቆረቆንዳ ነበር ወይ?› ሲል ‹ነበር› አልሁ! ኦቲስ ደግሞ ‹ጨለማ ነበር፤ ሳላየው አልፌ ይሆናል› አለ! የአደን ፈቃዱን ቀሙት! ልጆች በመንገድ ሲያልፍ በተርኪ ድምፅ ይጮኹበት ነበር! እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ! ዝም አልሁ! ሰሌዳውን ሰቀልሁ! ሰው ሰሌዳውን እያየ እኔን መጠየቅ ተወ!»

«አቶ ሆይት! ቁሙ! በእግዚአብሔር፣ አንድ እርምጃ እንዳትጨምሩ!»

ድምፁ የዶይል ሱግስ ነበር። ከፊታችን ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ፣ በቁጥቋጦው ውስጥ በሆዱ ተኝቷል። ጠመንጃውን ከፊቱ ጭቃው ላይ አስቀመጠ። ከተዥጎረጎረው ካፖርቱ በላይ የነጭ ሹራብ አንገትጌ ብቅ ብሏል።

«እኔም እዚህ ነኝ» አለች ሌላ ድምፅ፣ ሳትቸኩል። ቨርና ከሰው ትከሻ በሚሰፋ ባሉጥ ግንድ ላይ ጀርባዋን አስደግፋ ተቀምጣለች፤ እስክትናገር ድረስ የዛፉ አካል እንጂ ሰው አልመሰለችኝም። የጠመንጃዋ አፍ ወደ መሬት ነው። «መሣሪያዬን አውርጃለሁ። ዶይል፣ ቀስ ብለህ ተነሣ። ቀስ አልሁህ።»

ዶይል ተነሣ። በእሱና በእሷ መካከል ያለውን ርቀት በዓይኔ ለካሁት፤ ከሠላሳ እርምጃ አይበልጥም።

«ጥቁር ነገር ሲሳብ አይቻለሁ» አለች ቨርና። «ራሱን እስኪያሳየኝ ነበር የምጠብቀው። እነዚህ ሁለቱ ስለ ቆረቆንዳ ሲጮኹ ጣቴን ከቃታው አነሣሁ።»

«ትልቅ አውራ ነበር ቨርና» አለ ዶይል። «ደረቱ ላይ ያለው ጢሙ እስከዚህ…»

«ዛሬ እዚህ የነበረ ትልቅ አውራ አንተ ነህ! እንጨትህ የት ነው ያለው? ሰሌዳው ላይ የት ነው ያለኸው?»

«ወፍጮው ጋ።»

«ወፍጮው ጋ! እንግዲያው አንተን ብገድልህ ሬሳህን ከወንዝ ማዶ ይፈልጉት ነበር! እሑድ ደግሞ ‹እውነትን እንመን› እያልህ እጅህን ታወናጭፍብናለህ!»

ዶይል ጠመንጃውን አራግፎ ጥይቱን ኪሱ ውስጥ ከተተና ቆመ፤ እንደ ተቀጣ ተማሪ።

ቨርና ግን ወደ እሱ ማየቷን ትታ ነበር። የምታየው አቶ ሆይትን ነው። እሳቸው በአንድ እጃቸው ቅርንጫፍ ይዘው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ።

«ያልኸውን ድገመው» አለች።

«ቆረቆንዳ አልሰቀልሁም» አሉ በዝቅታ።

«ጮክ በል። አባቴን ሲያሙት ጮክ ብለው ነበር።»

«ቆረቆንዳ አልሰቀልሁም!»

ሸለቆው ድምፁን መለሰው።  ሳልፈልግ ስለ ኦቲስ አሰብሁ፤ ከስምንት ዓመት በፊት የሞተ፣ ዝምተኛ፣ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ የሚሄድ ሽማግሌ ነበር።

«አባቴ እንጨቱን ዳስሼ ነበር ይለን ነበር» አለች ቨርና። «ያን ጠዋት ጨለማ ስለነበር የበሩን እንጨት ከላይ እስከ ታች በእጄ ዳስሼ ነበር ይላል። ከዚያ አንተ ሰቅያለሁ ስላልህ እጁን ማመን ተወ። ቤት ቆልፎ ተመልሶ ሦስት ጊዜ ይነካ ነበር። ምድጃ አጥፍቶ ይነካ ነበር። እናቴ ‹ኦቲስ፣ ጠፍቷል› ስትለው ‹እርግጠኛ ነሽ?› ይላታል። ሃያ ሦስት ዓመት ሆይት።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። አሁን ነው የነገርሁህ።»

 ቨርና ጠመንጃዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «አባቴም አጥርቶ ሳያይ ነው የተኮሰው። ራስና ጢም ሳያይ፣ ነጭ ነገር ስላየ። ያ የእሱ ነው፤ እሱም አልካደውም። የአንተን ግን ተሸክሞልሃል። ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም እንጨቱን ሊያወርድ ይመጣል። ያኔ ለእነሱም ትናገራለህ። እንደዛሬው አድርገህ፣ ጮክ ብለህ።»

«እናገራለሁ።»

«እንደዚያ ካልሆነ እኔ እናገረዋለሁ፤ እኔ ደግሞ አሳምሬ አልናገርም።»

በሰባት ሰዓት ሱቁ ሞላ። ሦስት ሰው አውራ ገድሎ ነበር፤ ሌላ አዳኝ ተርኪ መስሎት እንዳይተኩስባቸው፣ እንደ ልማዳቸው የገደሉትን በብርቱካንማ ጨርቅ ጠቅልለው ነው የተሸከሙት፤ የሌሎቹ እጅ ባዶ፣ ምላሳቸው ግን በሰበብ የተሞላ ነበር። አቶ ሆይት ከሚዛኑ አጠገብ ቆመው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገሩ። የዶይልን ስም አላነሡም፤ ዶይል ራሱ ወደ ፊት ወጥቶ ከወፍጮው መታጠፊያ ላይ እንጨቱን አወረደና «እኔ ዛሬ ኬቸም ነበርሁ» አለ። ሳቅ የለም፣ ቁጣም የለም። አንድ የሰባ ዓመት ሽማግሌ «ኦቲስን በተርኪ ድምፅ ከጠሩት አንዱ የኔ ልጅ ነበር፤ እኔም ሰምቼ አልቆጣሁትም» አለና ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ጥቂቶች አቶ ሆይትን ሳያዩ እንጨታቸውን አውርደው እንደ ወትሮው ሱቁ ውስጥ በመተው ፈንታ ኪሳቸው ውስጥ ከተው ሄዱ። ጽሑፌ ላይ ማስታወሻ ልይዝ ብዕር አውጥቼ ነበር፤ መልሼ አስገባሁት።

እሑድ ጠዋት በሰሌዳው ላይ ስድስት እንጨት ብቻ ነበር።  ማክሰኞ ዘጠኝ ሆነ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ፣ ሰዎች ለምን እውነት ይሰቅላሉ የሚለው፣ አሁን ልጅነት መሰለኝ፤ ይልቅ የስድስቱን ሰዎች ስም ጻፍሁ፤ ምክንያታቸውን ልጠይቅ። አምስቱ «ሌላ ምን አለን?» አሉኝ። ስድስተኛዋ ቨርና ነበረች፤ እሷ «ሰሌዳው ምን አጠፋ?» አለች።

ቨርና ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ተማሪዎቹን አድርሳ ስትመለስ ባዶውን አውቶቡስ ከሱቁ ፊት ማቆም ጀመረች። መኖ አትገዛም። ገብታ ከጠረጴዛው ፊት ትቆማለች፤ አንድ ነገር ትጠይቃለች፤ መልሷን ይዛ ትሄዳለች። አባቴ ያን ቀን ምን ዓይነት ጫማ አድርጎ ነበር? ከተኮሰ በኋላ ሮጦ መጣ ወይስ ቀስ ብሎ? በስምህ ጠራህ? አቶ ሆይት የሚያስታውሱትን ይመልሳሉ፤ የማያስታውሱትን «እሱን አላውቅም» ይላሉ። ሐሙስ ዕለት እኔ የጥሬ ከረጢት ተደግፌ ማስታወሻዬን ስገለብጥ ገባች።

«ተሸክሞህ ሲወጣ» አለች፣ «ከሸለቆው ሥር እስከ መንገዱ፣ ያን ሁሉ ዳገት፣ ምን ይልህ ነበር?»

አቶ ሆይት የሚለኩትን ገመድ ለቀቁት። ይህን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

«ስለ ላሞቹ ነበር የሚያወራኝ» አሉ። «እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ይመስለኛል። የትኛዋ መቼ እንደምትወልድ። አንዷን ይጨርስና ወደ ሌላዋ ይሄዳል። ስለ ግንባረ ነጯ ብዙ አወራ። ጠማማ ናት፣ ስትታለብ ትራገጣለች አለ።»

«ግንባረ ነጯ የኔ ነበረች» አለች ቨርና። «ደግሞ አትራገጥም። የእሱ እጅ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው።»

«እሱ እንደዚያ አላለም።»

«አይልማ።» በርጩማውን በእግሯ ሳበችና ተቀመጠች። አውቶቡሱ ደጅ ሞተሩ እንደሠራ ነው። «እሺ፤ ከግንባረ ነጯ በኋላስ ወደ የትኛዋ ሄደ?»